ደብል ቤዝ ሶሎ ሲይዝ ወሬ ለምን ይጀመራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች የተመካከሩ ይመስል ሁሉም ስለ አንድ መሣሪያ፣ ስለ ደብል ቤዝ፣ ይጠይቃሉ። እኔም ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ያንኑ መሣሪያ ደግፌ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ብመልስ አንባቢ ይቅር ይለኛል ብዬ አምናለሁ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር መሀል ከተማ አንድ የጃዝ ምሽት ላይ ነበርን። ሳክስፎኑ ሶሎ ሲጫወት ቤቱ ጸጥ ብሎ አዳመጠ፤ ፒያኖውም ሲጫወት እንደዚሁ። ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ ተራ ሲደርሰው ግን አንዱ አስተናጋጅ ይጠራል፣ ሌላው ስልኩን ያወጣል፣ ከኋላችን የነበሩትማ ጮክ ብለው ወሬ ጀመሩ። ጓደኛዬ «ቤዝ ለማጀብ እንጂ ለብቻው አልተፈጠረም» አለኝ። እኔ ግን የሰማሁትን ወድጄው ነበር፤ ምኑን እንደወደድኩት ማስረዳት ግን አቃተኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ጓደኛህ ያለው ልክ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ያየው ነገር ግን እውነት ስለሆነ «አታውቅም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ወሬው የሚጀመርበት ምክንያት አለ፤ ግማሹ ከጆሯችን፣ ግማሹ ከመድረኩ ነው።

ከጆሮ ልጀምር። የደብል ቤዝ ወፍራሙ ክር በባዶው ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ጆሯችን እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ከሳክስፎን ድምፅ እኩል አይቀበለውም፤ ሁለቱ በእኩል ጉልበት ቢመጡ ቀጭኑ ጎልቶ ይሰማል። ደግሞም ቤዙ ትልቅ ይምሰል እንጂ ለሚያወጣው ድምፅ ትንሽ ነው። የዚያ ድምፅ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ መሣሪያው ግን ቢቆም ከአንድ ረጅም ሰው ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የታችኛው ድምፅ ከሣጥኑ በደንብ አይወጣም፤ ጆሯችን ከላይ የተደረቡትን ቀጫጭን ድምፆች ሰምቶ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ብርጭቆ ሲንኳኳና ወሬ ሲጀመር መጀመሪያ የሚሸፈኑት እነዚያው ቀጫጭኖቹ ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ሲያወራ ጎረቤቱ ጠረጴዛ ቤዙን መስማት ያቅተዋል፤ ያኔ እሱም ያወራል።

የመድረኩ ጉዳይ ደግሞ ይኸውልህ። የቤዝ ሶሎ ሲደርስ ፒያኒስቱ እጁን ያነሳል፣ ድራመሩ ዱላውን ቀስ አድርጎ ሃይ ሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋውን ጥንድ ጸናጽል) ብቻ ይነካካል፣ ሳክስፎኒስቱ ወርዶ ውሃ ይጠጣል። የሚያደርጉት ለአክብሮት ነው፤ ድምፁ እንዳይሸፈን ብለው። ሰው ግን በዓይኑም ያዳምጣል። ባንዱ ዕረፍት የወጣ ሲመስለው እሱም ዕረፍት ይወጣል። ቤዚስቱም ያንን ባዶ ቦታ ሲያይ ይደነግጥና ሊሞላው ይሮጣል፤ ቀጭን ድምፅ ወደሚወጣበት የክሩ ታችኛው ጫፍ ወርዶ በሳክስፎን ፍጥነት ለመጫወት ይታገላል። በዚያ ፍጥነት እያንዳንዱን ኖታ ጥርት አድርጎ የሚጫወት ሰው አለ፤ ዴንማርካዊው ኒልስ ሄኒንግ ኦርስተድ ፔደርሰን እንዲያ ነበር። ለብዙዎቻችን ግን ሩጫው ድምፁን ያሳሳዋል፤ ቤዝ ደግሞ ድምፁ ከሳሳ ምን ቀረው?

ቤዝ ለብቻው አልተፈጠረም የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። በ1930ዎቹ የጃዝ ቤዝ ዋና ሥራ ምት መያዝ ነበር። ክሮቹ ከአንጀት የተሠሩ ነበሩ፤ ማጉያ አልነበረም። ከመለከቶቹ ጀርባ ሆኖ ለመሰማት ክሩን ከጣት ሰሌዳው በጣም ከፍ አድርጎ በክንድ ጉልበት መሳብ ግድ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ክር ላይ ዜማ ማውጣት አድካሚ ነው። በ1939 ፒያኒስቱና የኦርኬስትራ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ጂሚ ብላንተን የሚባል ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ሰማና ወደ ኦርኬስትራው አመጣው። ኤሊንግተን በሚቀጥለው ዓመት ያደረገው ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ያን ሁሉ መለከት ወደ ጎን ትቶ ፒያኖና ቤዝ ብቻ ሆነው ሙዚቃ ቀረጹ። «ፒተር ፓንተር ፓተር» የሚለውን ፈልገህ ስማው። ብላንተን እንደ መለከት ነፊ ሐረግ ይጀምራል፣ ይተነፍሳል፣ ይጨርሳል፤ ፒያኖው ይመልስለታል። በደጋን የተጫወተባቸውም አሉ። በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት 23 ዓመቱ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ የጃዝ ቤዚስቶች ያንን ቀረጻ አጥንተዋል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰፋ። ቤዚስቱ ስላም ስቱዋርት በደጋን እየተጫወተ ያንኑ ዜማ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በቀጭኑ እስከሚደገምበት ድረስ) ከፍ አድርጎ አብሮ ያንጎራጉር ነበር፤ አዝማሪ ከማሲንቆው ጋር አብሮ ሲዘፍን ለሰማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። መለከት ነፊው ማይልስ ዴቪስ በ1959 በቀረጸው «ሶ ዋት» ላይ ዋናውን ዜማ የሚጫወተው የፖል ቼምበርስ ቤዝ ነው፤ መለከቶቹ በሁለት ድምፅ «እሺ» እያሉ ይቀበሉታል። ጓደኛህ ይህን ዘፈን ሳይሰማ አይቀርም፤ ማን ይዘፍን እንደነበር ልብ አላለውም እንጂ።

መድረኩ ሌላ መልክ ሊኖረው እንደሚችል ያሳየኝ ግን ቤዚስቱ ስኮት ላፋሮ ነው። እሱ፣ ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስና ድራመሩ ፖል ሞቲያን በጁን 25 ቀን 1961 ኒው ዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባል ምድር ቤት ውስጥ ሲጫወቱ ተቀርጿል። ላፋሮ ሶሎ እስኪሰጠው አይጠብቅም። ፒያኖው ሲናገር ከሥሩ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ምቱ አለ፣ ነገር ግን ማንም ብቻውን አልተሸከመውም። ሶሎው የት እንደጀመረ ለመለየት ታዳምጣለህ እንጂ «አሁን የቤዝ ተራ ነው» ብለህ ፊትህን አታዞርም። በቀረጻው ላይ የብርጭቆና የሰው ወሬ ይሰማል፤ ያኔም እዚያም ያወሩ ነበር ማለት ነው። ላፋሮ ከዚያ ምሽት 11 ቀን ቆይቶ በመኪና አደጋ ሞተ፤ 25 ዓመቱ ነበር።

ብቻውን የቆመውም አለ። ባር ፊሊፕስ በ1968 ለንደን ውስጥ ቤዝ ብቻ ይዞ ሙሉ አልበም ቀረጸ፤ ዴቭ ሆላንድም በ1977 እንዲሁ አደረገ። የእኔ ልብ ያለው ግን ቻርሊ ሄይደን ላይ ነው። ሄይደን በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር የገጠር ዘፈን ይዘፍን ነበር፤ በ15 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ድምፁን ጎዳው። ሶሎው ላይ የሚሰማው ያ መዝፈን ያቆመ ልጅ ነው። ወደ ቀጭኑ ድምፅ አይሄድም፣ አይሮጥም፤ ወፍራሙ ክር ላይ ቆሞ ሰው ሊያንጎራጉረው የሚችል ዜማ ቀስ ብሎ ያወጣል። አንዱን ኖታ ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም።

እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ሰው ጆሮ ከማንም የተሻለ ዝግጁ ነው የምለው። በሁዳዴ ሬዲዮ ከፍተህ በገና ሰምተሃል። አሥር አውታር፣ አንድ ሰው፣ ከሁሉም መሣሪያችን ወፍራሙ ድምፅ፤ ከበሮ የለም፣ አጃቢ የለም። «በገና ለብቻው አልተፈጠረም» ያለ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? ደርዳሪው የጎደለውን ኃይል ያገኘው ከእንዚራው ነው፤ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት ቦታ መካከል ያለችው ትንሽ ቆዳ ድምፁን ታንዘረዝረዋለች፣ ያ መንዘርዘር ደግሞ ቅድም ያልኩህን ቀጫጭን ድምፅ ከላይ ይደርብለታል። ከዚያ ሌላው ሁሉ ዝምታ ነው። አድማጩ ወደ ድምፁ ይጠጋል እንጂ ድምፁ እንዲጮህለት አይጠብቅም። የቤዝ ሶሎም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ለጓደኛህ ብዙ አትከራከር። ከስልኩ ስፒከር እንዳይሰማ ብቻ አድርግ፤ ያ ትንሽ ስፒከር የቤዙን ዋና ድምፅ ጨርሶ አያወጣውም። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርገህ አስቀምጠውና የዘፈኑን ዜማ መጀመሪያ እንዲይዘው አድርግ። ሶሎው ሲመጣ ያንኑ ዜማ በልቡ እያንጎራጎረ ይከተል፤ አብዛኛው የጃዝ ሶሎ በዚያው ዜማ ኮርዶች (ዜማውን በሚያጅቡት የድምፅ ጥምሮች) ላይ እየዞረ ነው የሚሄደው። የት እንዳለ ካወቀ አያወራም።

ከለገጣፎ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ አሁን ደግሞ ዘመድ ያስቀመጠው ደብል ቤዝ በውሰት አግኝቻለሁ። እጄ ትንሽ ነው። ፍሬት (እንደ ጊታር አንገት የጣትን ቦታ የሚለይ ዘንግ) ስለሌለው ድምፁ ሁሉ ይሳሳትብኛል፣ አውራ ጣቴን ያመኛል፣ የምኖረውም ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ልተወው ወይስ ልግፋበት?

መልስ፦ ግፊበት እንጂ! ውሰቱን ያገኘሽ ዕድለኛ ነሽ፤ በእኛ ከተማ ይህን መሣሪያ በእጁ ነክቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በወርቃማው ዘመን የነበሩት ባንዶቻችን በብዛት የያዙት ቤዝ ጊታር ነበርና ደብል ቤዝ የሚያስተምር ጣት ከአባት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ ቀረ።

የእጅሽ ትንሽነት አያስጨንቅሽ። የለመድሽው ቤዝ ጊታር የክሩ ርዝመት 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የደብል ቤዙ ግን 105 አካባቢ ነው። አንገቱ ጫፍ ላይ ከአንድ ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት) ወደሚቀጥለው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል አለ። በጊታር እንደለመድሽው ለአራት ግማሽ ድምፅ አራት ጣት ከዘረጋሽ ጅማትሽ ይጎዳል። ለዚህ ነው አንገቱ ጫፍ አካባቢ ባለው የእጅ ቦታ አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ጣት ብቻ የሚሠራው፤ ሦስተኛዋ ትንሿን ጣት ታግዛለች። አንድ ሙሉ ድምፅ ትይዣለሽ፣ ለቀጣዩ እጅሽን በሙሉ ታንቀሳቅሻለሽ። አውራ ጣትሽን የሚያምሽ አንገቱን እየጨመቅሽ ስለያዝሽ ነው። አውራ ጣቱን ለጊዜው አንሺውና የክንድሽ ክብደት ብቻ ክሩን ወደ ሰሌዳው እንዲጎትተው ሞክሪ፤ ይቻላል። በቀኝ እጅሽም በጣት ጫፍ አትንኪው፤ የሌባ ጣትሽን ጎን በክሩ ላይ አስተኝተሽ ከክንድሽ ሳቢው። ድምፁ የሚወፍረው ያን ጊዜ ነው።

ፍሬት ስለሌለው የምታዝኚው አሁን ነው፤ ቆይቶ ትወጂዋለሽ። የአንቺ ሆዬን ቅኝት በፒያኖ ስንጫወተው ከማሲንቆው ጋር የማይገጥም ነገር አለ፤ ደብል ቤዝ ላይ ግን ጣትሽን ማሲንቆ ተጫዋቹ በሚያስቀምጥበት ልክ ማስቀመጥ ትችያለሽ።

ጅምሩን በጂ ትዝታ ሜጀር አድርጊው። ለምን መሰለሽ? የቅኝቱ ኖታዎች ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ እና ኢ ናቸው። የመሣሪያሽ አራት ክሮች ደግሞ ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ናቸው። አራቱም ባዶ ክሮች ቅኝቱ ውስጥ አሉ! የቀረሽ ቢ ብቻ ነው። ሌላም አለ፦ በየክሩ እኩሌታ ላይና ሲሶው ላይ ጣትሽን ሳትጫኚ ነካ አድርገሽ ብትመቺ እንደ ዋሽንት ያለ ቀጭን ድምፅ ይወጣል፤ ሃርሞኒክስ የምንለው ነው። ከአራቱም ክሮች የሚወጡት እነዚያ ድምፆች አንድም ሳይቀር ትዝታው ውስጥ ይገባሉ። ኢውን በባዶው ምቺና እንዲጮህ ተይው፤ በላዩ ላይ ከጂው ክር ሃርሞኒክስ ሁለት ሦስት ድምፅ ጣል አድርጊ። ብቻሽን ሆነሽ ሁለት ሰው ትሆኛለሽ። ይህን በደንብ ከያዝሽ በኋላ ቢውንና ኢውን በግማሽ ድምፅ አውርጂና ወደ ትዝታ ማይነር ግቢ፤ ወፍራሙ ክር አሁን በባዶው አይሠራም፣ በጣት መያዝ አለበት፣ እጅሽም የዚያኑ ያህል ይማራል።

ለጣት ትክክለኛነት ከደጋን የተሻለ አስተማሪ የለም። በጣት የተመታ ድምፅ ቶሎ ስለሚጠፋ ስህተቱን ይሸፍናል፤ ደጋን ግን እስከምታነሺው ድረስ ያሰማሻል። ስትለማመጂ ግማሹን ጊዜ በደጋን አድርጊው።

ስለ ጎረቤት፦ እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ችግሩ በአየር ከሚሄደው ይልቅ በወለሉ የሚሄደው ድምፅ ነው። የቤዙ ሹል እግር ሲሚንቶው ላይ ከቆመ ንዝረቱ በቀጥታ ይወርዳል። ከእኔ በታች ያሉት እትዬ ወፍራሙን ክር ስስብ ረከቦታቸው ላይ ሲኒዎቹ እርስ በርስ እንደሚነካኩ ነግረውኛል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ እንደ መዳፍ የሚሰፋ ቁራጭ አስቆርጬ፣ ከሥሩ የታጠፈ ምንጣፍ አድርጌ እግሩን እዚያ ላይ ሳቆም ሲኒው ዝም አለ። አንቺም ይህን አድርጊ፤ ልምምድሽን የምታደርጊበትንም ሰዓት ቀድመሽ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሪ። ደግሞ አንድ ጥቅም አለው፦ መብራት ሲጠፋ ቤዝ ጊታርሽ ዝም ይላል፣ ይህኛው ግን አይልም።

ለማጓጓዝ ሚኒባስ አትሞክሪ። ቪትዝ ውስጥ እንኳ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝተሽ አንገቱን ወደ ዳሽቦርድ ካደረግሽው ይገባል። ሾፌሩ እሺ እንዲልሽ ስልክ ስትደውዪ «ዕቃ አለኝ» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪው።

ከሰበታ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጡረተኛ ነኝ። ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ነበር ስል ልጆቼ አያምኑኝም። ያ ታዋቂ ቤዚስቱ ብላንተንስ አብሮት ነበር?

መልስ፦ ልጆችዎ ይመኑዎት። ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. ኅዳር ወር (በ1973 መሆኑ ነው) አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፣ ንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ሰጥተውታል። ሙላቱ አስታጥቄም ያን ጊዜ ከእሱ ጋር ሠርቷል። ብላንተን ግን ከሞተ 31 ዓመት አልፎት ነበር። ኤሊንግተን ራሱም ከዚያ ጉዞ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ በሜይ 1974 አረፈ።

ከቡራዩ፦ ታላቅ ወንድሜ ከውጭ ያመጣው ደብል ቤዝ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በጋ ሲገባ በጎኑ በኩል ተከፈተ፤ ሲመቱት ይንጫጫል። አናጢ ጋ ልውሰደው?

መልስ፦ አናጢ ጋ አትውሰደው፤ በጠንካራ ኮላ ከለጠፈው በኋላ ማንም ሊከፍተው አይችልም። በመጀመሪያ የተከፈተው ምን እንደሆነ ለይ። የፊቱና የጀርባው እንጨት ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ ከሆነ አትደንግጥ፤ ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ደካማ ሙጫ የሚጣበቀው እንጨቱ በድርቀት ሲኮማተር እንጨቱ ከሚሰነጠቅ መጋጠሚያው እንዲለቅ ታስቦ ነው። ቫዮሊን የሚጠግን ሰው በዚያው ዓይነት ሙጫ በቀላሉ ይመልሰዋል።

እስከዚያው ከቆርቆሮው ሥር አውጣው። ቀን ጣሪያው ይግላል፣ ሌሊት ብርዱ ይገባል፤ እንጨቱን የሚጎዳው ይህ መለዋወጥ ነው። ኮርኒስ ያለው ክፍል ካለ እዚያ አድርገው፣ ከመስኮትና ከግድግዳ አርቀው፣ በበጋ ወራት አጠገቡ ውሃ የተሞላ ሰፊ ዕቃ አስቀምጥ።

ስንጥቁ የፊተኛው እንጨት ላይ፣ ክሮቹን ከፍ አድርጎ ከያዘው ብሪጅ እግር አካባቢ ከሆነ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ዛሬውኑ ክሮቹን አላላ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጨርሰህ አትፍታ። ከውስጥ ሙጫ ሳይነካው የቆመ እንጨት አለ፤ ፊቱንና ጀርባውን የሚያገናኘው እሱ ነው፣ ቀጥ አድርጎ የያዘውም የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ጫናው ጨርሶ ከለቀቀ ይወድቃል፣ ያለ ባለሙያም አይቆምም። እያንዳንዱን ክር በትንሽ በትንሹ አውርድና እንዳለ ተወው፤ ከዚያ ስንጥቁን በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተህ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ላክልኝ።